መፍቻው የት ነው?

ፕሮፌሰሩን ሞተው ያገኘቻቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። ጠዋት ቢሮውን ስትከፍት ሶፋው ላይ ጋደም ብለው፣ መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ አየቻቸውና የተኙ መሰላት። ከሚስታቸው ከተለያዩ ወዲህ ቢሮ ማደር ልማዳቸው ነበር። እንዳትቀሰቅሳቸው ጫማዋን አውልቃ በእግሯ ጣት እየተራመደች ጠረጴዛውን ወለወለች፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ወስዳ ደፋች። መጋረጃውን ገልጣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ነው የጮኸችው።

ኢንስፔክተሩ ይህን ሲሰማ ግንባሩን አሸ። ጠረጴዛው ተወልውሏል፣ ቅርጫቱ ተደፍቷል፣ ቆሻሻ የሚጭነው መኪናም መጥቶ ሄዷል። ነገሩ ወንጀል ከሆነ ወንጀለኛው ቀጥሮ እንኳ ከዚህች ሴት የተሻለ ረዳት አያገኝም ነበር።

"እስቲ ድገሚልኝ" አላት።

ሴትየዋ ደገመችለት። በዚህች ቃል የተነሳ ባልደረቦቹ "እስቲ ድገመው" የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። ያነጋገረውን ሰው ሁሉ አንዱን ነገር ሁለቴ ያስወራል። እውነት ሲደገም ይዝረከረካል ባይ ነው፤ ሰው አንዱን ይረሳል፣ ሌላውን ይጨምራል፣ ከፊት የነበረውን ወደ ኋላ ይወስዳል። ውሸት ግን ተጠንቶ ስለሚመጣ ቃል በቃል ይደገማል። አብራው የምትሠራው ሳጅን በዚህ ሐሳቡ ስትስቅበት ኖራለች፤ ሚስትህንም እንዲህ ነው የምታስቸግራት ትለዋለች።

የአስከሬን መርማሪው ሐኪም የሟቹን ግራ ክንድ ገልጦ አሳየው። ከትከሻው ዝቅ ብሎ፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት አዲስ የመርፌ ቀዳዳዎች አሉ። ሟቹ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ደውሎ ደማቸው ውስጥ ስኳር የለም ማለት እንደሚቻል፣ የገደላቸውም በአንድ ጊዜ የገባ ብዙ ኢንሱሊን እንደሆነ ነገረው።

የሟቹ ምክትል ላብራቶሪው ውስጥ ተቀብሎ አነጋገረው። ነጩ ጋዋኑ በደንብ ተተኩሷል፤ ዓይኖቹ ግን በለቅሶ ቀልተዋል። ኢንስፔክተሩ እዚህ የሚሠራውን ነገር ለሕፃን እንደሚያስረዱት አድርገው ያስረዱኝ አለው።

"ከባሕር አረም የሚወጣ ሙጫ ነው" አለ ምክትሉ። "ከስኳር የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ረጃጅም ክሮች አድርገው ያስቡት። ብቻቸውን ሲሆኑ ውሃ ውስጥ ይዝለገለጋሉ። ካልሲየም ሲጨመርባቸው ግን ክር ከክር ይያያዝና መረብ ይሆናል። ጄል የምንለው እሱን ነው። ኢንሱሊኑ መረቡ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከቆዳ ሥር ሲገባ ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል። በሽተኛው ጠዋት ማታ መወጋት ይቀርለታል። ክሮቹን ማያያዙን እኛ 'ማሰር' ነው የምንለው።"

"ሥራችን አንድ ነው ለካ" አለ ኢንስፔክተሩ። "እኛም እናስራለን። ታዲያ መቼ ነው የሚፈታው?"

"በራሱ ጊዜ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሰውነት ቀስ እያለ ይፈታዋል።"

ከዚያ በኋላ የነገረውን ኢንስፔክተሩ አዳመጠ። ፕሮፌሰሩ ጄሉን በሌላ በሽተኛ ላይ ከመሞከራቸው በፊት በራሳቸው ላይ ሊሞክሩት ወስነው ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ነርስ የሆነችው ታናሽ እህታቸው መጥታ ወጋቻቸው፤ ከእሷ እጅ በስተቀር የማንንም አልፈልግም ብለዋል። ፍሪጁ ውስጥ ሁለት ዓይነት መርፌ ተሞልቶ ተቀምጦ ነበር፤ አንደኛው መደርደሪያ ላይ የታሰረው ጄል፣ ሌላኛው ላይ ገና ያልታሰረው ፈሳሽ። እህትየው ራሷ ከፍሪጁ አነሳች። ምክትሉ ደጋግሞ እየተነፈሰ፣ ልጅቷን መክሰስ እንደማይፈልግ፣ ግን የሳምንት ኢንሱሊን በአንድ ጊዜ የሚገባው ያልታሰረው ከተወጋ ብቻ እንደሆነ ተናገረ።

"ጄሉ ንጹሕ ነው፤ ስህተቱ የእጅ ነው" አለ።

"እስቲ ይድገሙልኝ።"

"ጄሉ ንጹሕ ነው፤ ስህተቱ የእጅ ነው።"

አንዲት ፊደል አልጎደለችም። ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን በዓይኑ ፈለጋት፤ እሷ ግን ጥግ ላይ በሽቦ ቤት ውስጥ የተደረደሩትን የሙከራ ጥንቸሎች በሽቦው ቀዳዳ እያጫወተች ነበር።

እህትየውን ጣቢያ ውስጥ፣ አንድ መስኮት ብቻ ባለው ክፍል አስቀምጠዋታል። አዛዡ ነገሩ አልቋል ብሎ ነገ ጠዋት ክሱ እንዲጻፍ አዟል። ኢንስፔክተሩ ሲገባ ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አፍጥጣ ታያቸዋለች። ሥራ የለመዱ፣ ጥፍራቸው አጭር የሆነ እጆች ናቸው።

"ወንድም ጋሼ ነው ያሳደገኝ" አለችው ሳይጠይቃት። "እናትና አባታችን ሲሞቱ ገና ልጅ ነበርኩ። ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ነርስም ያደረገኝ እሱ ነው። መርፌ መውጋት የተለማመድኩት በእሱ ክንድ ነው። ለማጅ እያለሁ ስንት ጊዜ ስቼ ወጋሁት፤ እየሳቀ 'ድገሚው' ይለኝ ነበር።"

"ትናንትስ ስንት ጊዜ ወጋሽው?"

"አንድ ጊዜ።"

"ክንዱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። የመጀመሪያውን ስተሽ ይሆናል።"

"አንድ ጊዜ ነው የወጋሁት።"

እስቲ ድገሚልኝ አላት። ስትደግመው ተዘበራረቀባት። መጀመሪያ ፍሪጁን የከፈትኩት እኔ ነኝ አለች፤ ከዚያ የለም፣ የላብራቶሪዋ ልጅ ከፍታልኝ ነው አለች። ጓንት ማድረጓን ረስታ በኋላ አስታወሰች። መድኃኒቱ ወፍራም ስለነበር መርፌው አልገፋ ብሎ አውራ ጣቷን እንዳሳመማት፣ ከጨረሰች በኋላም ቆዳው ሥር እንደ ሽንብራ ያለች እብጠት በጣቷ እንደዳሰሰች፣ ወንድሟም "ተወለደች" ብሎ እንደቀለደ ነገረችው። አንድ ጊዜ መውጋቷ ብቻ በሁለቱም አነጋገሯ ውስጥ ሳይነካ ቆየ።

"እስሩ አይደለም ያስጨነቀኝ" አለች። "ብታስሩኝም እታሰራለሁ። እጄ ነው ወይስ አይደለም? እሱን ብቻ ንገሩኝ። በዚህ እጅ ሌላ ሰው መውጋት እችላለሁ?"

ኢንስፔክተሩ ተነስቶ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ለሐኪሙ ደወለና የእብጠቷን ነገር ጠየቀው። ሐኪሙ ክንዱን ከፍቶ እንዳየው፣ ሽንብራ ቀርቶ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጄል እንዳላገኘ ነገረው። እንግዲህ ወይ ልጅቷ ትዋሻለች፣ ወይ ሽንብራዋ እግር አውጥታ ሄዳለች።

ሚስትየው የምትኖረው ከላብራቶሪው ብዙም በማይርቅ ፎቅ ቤት ነው። ሳጅኗ በእሷ ላይ ብዙ ተስፋ ጥላ ነበር፤ የቢሮው ትርፍ ቁልፍ እስካሁን እጇ ላይ ነው፣ ከባሏም ጋር በጠብ እንደተለያዩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሴትየዋ ግን በሩን ከፍታ ሳያስጨንቋት ተቀመጠችላቸው። ትናንት ከሥራ በቀጥታ የታመመች አክስቷ ጋ ሄዳ እዚያው አድራለች። ሳጅኗ በስልክ አጣራች፤ አክስቷ ብቻ ሳትሆን አንድ ቤት ሙሉ ጠያቂ መሰከረላት።

"ልፈታው ወስኜ ነበር" አለች ሚስትየው። "ሰው የሚፈታውን ሰው ለምን ይገድላል? የሚገድለው መፋታት ያልቻለው ነው።"

ለእህትየው ግን ቅንጣት ርኅራኄ አልነበራትም። ትዳሬን የበላችው እሷ ናት፤ ከእኔ ይልቅ የእሷን ቃል ነበር የሚሰማው፤ እንኳን ታሰረች አለች። ኢንስፔክተሩ ሊነሳ ሲል ባሏን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገረችው መቼ እንደሆነ ጠየቃት። ትናንት፣ መሸት ሲል፣ አክስቷ ቤት ሳለች ደውሎላታል። የፍቺውን ወረቀት ልፈርምልሽ ነው አላት። ቀጥሎም እንደ ድሮው ያጫውታት ጀመር።

"ክንዴ ላይ ሽንብራ በቅላለች፣ ታሳክከኛለች አለኝ። ስነካት ትንቀሳቀሳለች ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሰው በሩን አንኳኳበትና መልሼ እደውላለሁ ብሎኝ ዘጋው፤ አልደወለም።" ይህን ስትል ብቻ ድምጿ ተሰበረ።

ኢንስፔክተሩ አስደገማት። በሁለተኛው ጊዜ ሳቁን አስቀድማ ሽንብራዋን አስከተለች፤ ሽንብራዋ ግን አልጠፋችም።

ደረጃውን ሲወርዱ ሳጅኗ ማሾፏን ትታ ነበር። ያቺ ሴት እህትየውን ለማዳን ጣቷን አታነሳም፤ ሳታውቀው ግን አዳነቻት። እብጠቷ መሸት ሲልም እዚያው ከነበረች የታሰረው ጄል በትክክል ገብቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ቀዳዳ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው፤ በሩን ያንኳኳው ሰው በገባበት ሰዓት። ይህን ለአዛዡ ሲነግሩት አንዲት የምትፋታ ሚስት በስልክ ሰማሁ ባለችው ሽንብራ ክስ አላስቆምም አላቸው።

ዘበኛው እሱን ሳያስፈቅድ በሩን ዝንብ እንደማያልፍ ምሎ ተገዘተ። ትናንት ሲመሽ ግቢው ውስጥ የቀሩት ፕሮፌሰሩ ብቻ ነበሩ።

"ምክትሉስ?" አለች ሳጅኗ።

"እሱማ ወጥቶ ነበር። በር ላይ ከደረሰ በኋላ ነው የተመለሰው። ያቺ የላብራቶሪዋ ልጅ ልትወጣ ስትል አግኝቶ 'መፍቻው የት ነው?' አላት። እኔ ጋ አለ ብዬ ሣጥኔን ከፈትኩለት፤ ዞር ብሎም አላየኝ። ተመልሶ ገባ፣ ትንሽ ቆየና ወጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ደህና እደር ብሎኝ ነው የሄደው።"

ምክትሉ ይህን ሲጠየቅ እጁ ላይ የነበረውን ብልቃጥ አስቀመጠ። ኢንስፔክተሩ የዘበኛውን የመሣሪያ ሣጥን ጠቀሰለት። ከዚያ ምክትሉ ፈገግ አለ፤ ከባድ ነገር ከትከሻው የወረደለት ይመስል ነበር።

"አዎ፣ መፍቻ" አለ። "የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር። ውሃው አድሮ ወለሉን እንዳያጥለቀልቀው ብዬ አጠበቅኩት። ፕሮፍን በሩ ላይ ሆኜ ደህና ይደሩ አልኳቸው፤ በሰላም ነው የተለየኋቸው።"

"ስንት ቁጥር መፍቻ ነበር?"

"እንዴት?"

"መፍቻ ቁጥር አለው አይደል? ቁጥር አሥር፣ ቁጥር አሥራ ሦስት።"

"አላስታውስም" አለ ምክትሉ። ኢንስፔክተሩ እስቲ ይድገሙልኝ አለው፤ ቧንቧው፣ ውሃው፣ ወለሉ፣ ደህና ይደሩ፣ ሁሉም በተራው ቃል ሳይዛነፍ ተመለሰ።

ማጠቢያ ክፍሉ ገብተው ኢንስፔክተሩ ተንበረከከ። ጉልበቱ ተንቋቋ፤ ሳጅኗ እርጅና ነው ብላ አሾፈችበት። ቧንቧው ደረቅ ነው። ግድግዳው ሲቀባ ቀቢው ሰነፍ ኖሮ ቧንቧውንም ብሎኑንም አብሮ ቀብቶታል። ቀለሙ ብሎኑና ቧንቧው በሚገናኙበት ላይ እንደ ቆዳ ተለጥፏል፤ አንዲት ስንጥቅ የለውም። ከተቀባ ጀምሮ ይህን ብሎን የነካው መፍቻ የለም።

"ዋሸ" አለች ሳጅኗ።

"ዋሸ። ግን ሰው ለመግደል መፍቻ ምን ያደርግለታል? የሞቱት በመርፌ ነው፤ ጭንቅላታቸው አልተመታ። ደግሞስ ዘበኛው እጁ ላይ ሊሰጠው ሲል ለምን ትቶት ሄደ?"

ሁለቱም ብሎኑን አዩ። ኢንስፔክተሩ ሳጅኗን ወደ ዘበኛው መለሳት፤ ልጅቷ ምን ብላ እንደመለሰችለት እስቲ አስደግሚው አላት። ሳጅኗ ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ሳቅም ግራ መጋባትም ይዟል።

"'ፍሪጅ ውስጥ ነው' አለችው። ዘበኛው ደግሞ ምን ይላል መሰለህ፤ ይሄን ሁሉ ተምረው መፍቻቸውን ከምግብ እኩል ያቀዘቅዛሉ ብዬ ስስቅ ነው ያመሸሁት።"

ኢንስፔክተሩ ተነሳ። የጉልበቱን አቧራ እንኳ አላራገፈም።

የላብራቶሪዋ ልጅ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ ብልቃጥ ታጥባለች። ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ ስለዋለች ቀና አላለችም። ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ቆሞ፣ ዕቃ የሚዋስ ጎረቤት በሚመስል ድምፅ፣ "መፍቻ ስጪኝ እስቲ" አላት።

እጇን ጋዋኗ ላይ ጠረገች። ፍሪጁን ከፈተች። ከበሩ መደርደሪያ ላይ ውሃ የሚመስል ፈሳሽ የያዘ ጠርሙስ አንስታ አቀበለችው። ከዚያ በኋላ ነው የጠየቃት ማን እንደሆነ ያስተዋለችው።

"ይሄ ነው መፍቻ?" አላት ኢንስፔክተሩ።

"አዎ። ጄል የምንፈታበት ነዋ። ከሎሚ አሲድ የሚሠራ ጨው ነው፤ ካልሲየሙን ይነጥቀውና ክሮቹ ይለያያሉ። የተረፈ ጄል ሲኖር ዕቃ ለማጠብ ነው የምንጠቀምበት።"

"መድኃኒት የያዘ ጄል ላይ ቢጨመርስ?"

"መድኃኒት የያዘ ጄል ላይማ አይጨመርም" አለች ልጅቷ። "በሳምንት የሚወጣው ሁሉ በአንዴ ይወ…" አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ትናንት ማታ ለምክትሉ የት እንዳለ የነገረችው እሷ ናት። ሳጅኗ ወንበር ሳበችላት።

ኢንስፔክተሩ ለሐኪሙ ደውሎ የሚፈልገውን ነገረው፤ ከሁለቱ ቀዳዳዎች ሥር ያለው ሥጋ ተለያይቶ ይመርመር፣ የሎሚ አሲድ ጨው ይፈለግበት። መልሱ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ሲጋራ አምሮት ነበር፤ ካቆመ ቆይቷል። አእምሮው ውስጥ የነበረው የእህትየው እጅ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ። ሐኪሙ ሲደውል እንደ ልማዱ ቃል አላበዛም። በአንደኛው ቀዳዳ ሥር አለ፤ ብዙ አለ፤ በሌላኛው ሥር የለም አለው።

ምክትሉ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ተዛውሮ አገኙት። ለጊዜው ነው አላቸው፤ ሥራው እንዳይቆም። ጠረጴዛው ላይ የራሱን ጽዋ አስቀምጧል። ኢንስፔክተሩ ከመኪናው ያመጣውን ቁጥር አሥራ ሦስት መፍቻ ከጽዋው አጠገብ አኖረው። ቀጥሎ ጠርሙሱን ከመፍቻው አጠገብ አኖረ።

"ሁለቱም መፍቻ ይባላሉ" አለ። "ትናንት የጠየቅከው የትኛውን ነው?"

ከእርስዎ ወደ አንተ መውረዱን ምክትሉ ሰማው። ብረቱን አየ፣ ጠርሙሱን አየ፣ ወደ በሩ አየ፤ በሩ ላይ ሳጅኗ ቆማለች።

"ነገርኩዎት እኮ። ቧንቧው ያንጠባጥብ ነበር…"

"ብሎኑ ከነቀለሙ ነው። እኔ መፍቻ ስልህ ብረት እንደመሰለኝ ገባህና እፎይ አልክ። ባትዋሽ ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬ ማታ የብረት መፍቻ ስፈልግ እቆይ ነበር። ከቀዳዳዎቹ ባንዱ ሥር ይሄ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ጨው ተገኝቷል። እሳቸውን ምን ብለህ ነው የወጋሃቸው? ማደንዘዣ ነው፣ ማሳከኩን ያስታግስልዎታል ብለህ?"

ምክትሉ ጽዋውን ከመፍቻው አራቀ። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ለቅሶ አልነበረም፤ የቆየ ቂም ነበር።

"ማሰሪያውን ያገኘሁት እኔ ነኝ" አለ። "የካልሲየሙን መጠን፣ ቅዝቃዜውን፣ ቅደም ተከተሉን። እሳቸው ሲጨማለቅባቸው፣ ሲፈርስባቸው ዓመታት አለፉ። ያሰርኩት እኔ፣ የሚጠራው ግን የእሳቸው ስም። ቢሯቸው ገብቼ ለመንኳቸው፤ ስሜን ከስምዎ ጎን ያስገቡልኝ አልኳቸው። 'ረዳት ረዳት ነው' አሉኝ፤ እየሳቁ።"

"እህታቸውስ ምን አደረገችህ?"

ምክትሉ ዓይኑን ወደ ጠርሙሱ መለሰ። ጄሉ መትረፍ ነበረበት፤ ጄሉ እንዲተርፍ ደግሞ ጥፋቱን የሚሸከም የሰው እጅ ያስፈልግ ነበር። ኢንስፔክተሩ ይህ ከግድያው ባልተናነሰ አበሸቀው። ካቴናውን ራሱ አስገባለት፤ አብዝቶም አጠበቀው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ጣቢያ ደወለና፣ አዛዡ ለምን ብሎ እስኪጠይቀው ሳይጠብቅ፣ "እኔ አንዱን አስሬያለሁ፤ ልጅቷን ፍቷት" አለ።

ጣቢያ ሲደርስ ግን አልሄደችም። በሩ ተከፍቶላት፣ ቦርሳዋም ተመልሶላት፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። አጠገቧ ተቀመጠ። ሳያለባብስ ነገራት፤ መፍቻውን፣ ጨውን፣ በሩን ያንኳኳውን ሰው። ወንድሟ ሶፋው ላይ ሆኖ ክንዱን ለዚያ ሰው አምኖ መዘርጋቱን ሲነግራት ዓይኖቿን ጨፈነች።

"የገደለው ኢንሱሊን ግን እኔ ያስገባሁት ነው" አለች።

"ነው" አላት። ሊዋሻት ይችል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ውሸት ሲሰማ ስለዋለ አስጠላው። "ያስገባሽው ግን ታስሮ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሊያኖረው ነበር የገባው። ሌላ ሰው መጥቶ ፈታው። በትክክል ነው የወጋሽው፤ አንድ ጊዜ ነው የወጋሽው።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። የቅጽል ስሙን ወሬ አልሰማችም፤ ማንም አልነገራትም።

"እስቲ ይድገሙልኝ" አለችው።

"አንድ ጊዜ ነው የወጋሽው" አላት ኢንስፔክተሩ ቀስ ብሎ፤ እጆቿን አጣጥፋ ጭኗ ላይ እስክታኖራቸው ድረስ አጠገቧ ተቀመጠ።